በይሉኝታ የፈረምነው ፎርም

«ግሪን ካርድ ይዞ ለምርጫ የተመዘገበ ሰው ካገር ይባረራል» የሚል የሴት ድምፅ አውቶቡስ ውስጥ ስሰማ ክው አልኩ። እኔም ትናንት እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ የምርጫ መመዝገቢያ ፎርም ፈርሜያለሁ። ሴትዮዋ ከፊቴ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያለው ያው ያስፈረመን ሰውዬ ነው።

«እህቴ፣ ቀስ በይ።»

«ምን ቀስ እላለሁ! ሎየር ጋ ኮል አድርጌ ጠየቅኩ። ሲቲዝን ሳልሆን ሲቲዝን ነኝ ብዬ ፈርሜልሃለሁ!»

«ፎርሙ ላይ እኮ ይጠይቃል።»

«ማን አንብቦት? ‹እዚህ ጋ ፈርሙ፣ ለሐበሻ ነው› አልክ። ሰው ሁሉ እያየኝ እንዴት እምቢ ልበል?»

«የከንቲባው ውድድር ከባድ ነው። የሚበላለጡት በጥቂት ድምፅ ነው። ሐበሻ ወጥቶ ከመረጠ የኛ ሰው ያሸንፋል።»

«እሱ ሲቲ ሆል ይግባ፣ እኔ ልጆቼን በትኜ ቦሌ ልውረድ?»

«ክፉ አስቤ አይደለም።»

«ክፉ ብታስብማ እጠነቀቅህ ነበር! ፎርሙን የት አደረስከው?»

«ገና አላስገባሁትም። ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ አውጣዋ! ምን ትጠብቃለህ?»

አወጣው። ከእጁ መንትፋ ብጭቅጭቁን አወጣችው።

«የኔንም ስጠኝ፣ ወንድሜ» አልኩት።

«እርስዎም ሲቲዝን አይደሉም?»

«አይደለሁም። ማንበብም አልችል፣ ስሜን ብቻ ነው የምጽፈው።»

«በል ስጣቸው! ደግሞ ከንቲባ አስመራጭ ነኝ ይላል!» አለችው።

ወረቀቴን ተቀብዬ አራት ቦታ ቀደድኩና፣ እፎይ፣ ተርፌያለሁ አልኩ በልቤ።