የማዳሜ መለኪያ

ቤይሩት ውስጥ ከሐምራ ወደ ዶራ በሰርቪስ ታክሲ ስሄድ ከኋላዬ ሁለት ያገሬ ሴቶች ይጨቃጨቃሉ። አንደኛዋ ፀጉር ሠሪ ናት፤ እሑድ እሑድ ሱቋ ውስጥ የስኳር በሽታ ላለባቸው ሴቶች ስለ በሽታው ታስተምራለች። ሌላዋ ሰው ቤት የምትሠራ ተማሪዋ ናት።

«ጠዋት ምግብ ሳትቀምሺ ተለኪ አላልኩሽም?»

«ተለካሁ እኮ! በማዳሜ የስኳር መለኪያ።»

«በእሷ መለኪያ?»

«እሷም ስኳር አለባት። ሳትነቃ ተለክቼ እመልሰዋለሁ። መርፌውንማ እቀይራለሁ፣ ያኒ እንዳስተማርሽን።»

«ሞኝ! መለኪያው ቁጥሩን ያስቀምጣል እኮ!»

«እሱን አላስተማርሽንም። ሐኪሟ ከፍቶ አየና ‹ማዳም፣ ተደብቀሽ ጣፋጭ ትበያለሽ› ብሎ ጮኸባት። በድንግል ማለች፤ ማን ይመናት?»

«መድኃኒት ጨመረባት?»

«ገና ነው። መጀመሪያ ጣፋጭ ኸላስ፣ በቃ አላት።»

«ቢጨምርባት ትገድያታለሽ! ዛሬውኑ ንገሪያት። ያንቺስ ስኳር ለምንድን ነው የማይወርደው?»

«በምን ይውረድ? የተከለከለችውን ባቅላዋ ሁሉ ለእኔ ሰጠችኝ።»

«በላሽው?»

«ታዲያ ልጣለው? ምስኪን ማዳሜ! የዛሬ ጠዋቱን ቁጥር ሲያይማ ሐኪሙ ይገላታል።»

እኔም ጉልበቴ ላይ የነበረውን የባቅላዋ ካርቶን ፀጉር ሠሪዋ ሳታይብኝ ቀስ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።