ጥርሱ ሳይታይ የተገዛ ራም

ለአረፋ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ቡታጅራ ሲገባ ምን ይዞልኝ ቢመጣ ጥሩ ነው? ለጌም ኮምፒውተሬ አዲሱን ራም (የኮምፒውተር ሜሞሪ)፣ ዲዲአር ፋይቭ የሚባለውን። ብሞክረው አልገባም፤ የኔ ኮምፒውተር ራሙ የሚሰካበት ቦርድ የሚቀበለው ዲዲአር ፎር ብቻ ነው። ወንድሜ ኩምሽሽ አለ። እንሴኖ ገበያ ከብት የሚነግዱት አባባ አዲሱንና አሮጌውን ጎን ለጎን ይዘው፣ ጥርስ የመሰለውን ወርቃማ ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ጠርዙ ላይ ያለው ክፍተት እኮ ቦታው ይለያያል። አዲሱ እንዲገባ ምን ይደረግ?» አሉኝ።

«ቦርዱም ፕሮሰሰሩም ይቀየራል።»

«አሮጌው ዓይነት ቢጨመርስ ጌሙ ይሠራል?»

«አሳምሮ።»

«ታዲያ ለአንድ ኮርማ ብለን በረቱን እናፍርስ? በአሮጌው ዓይነት ይለወጥ» አሉና ወደ ወንድሜ ዞሩ። «አንተ ግን የከብት ነጋዴ ልጅ ሆነህ ጥርሱን ሳታይ ትገዛለህ?»

አሁን ወንድሜ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ፎቶውን ይልክልኛል። እኔ ሳላየው ግን ስልኩን አባባ ይቀበሉኛል።