ሳቅ የተከለከለበት ፋብሪካ

የጫማ ፋብሪካው አለቃ ደረጃውን በቁጣ ሲወርድ፣ ሽቅብ ከምትወጣው የእህቱ ልጅ ጋር ሊላተም ምንም አልቀረው። ልጅቷ የፋብሪካ አስተዳደር ተምራ የተመረቀች ናት፤ አመጣጧ ምሳ ልትጋብዘው ነበር።

«አጎቴ፣ ደህና ነዎት? ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«ደህና የት አለ ልጄ! ያቺ ሳቂታ የምንላት ሠራተኛ ዛሬም ሳቀች። ይኸው የስንብት ደብዳቤዋ!»

«ስለሳቀች ብቻ?»

«ብቻ ትያለሽ? በሥራ ክፍሉ ሳቅና ጨዋታ ከከለከልኩ አራት ወር ሆነኝ። ቀድሞማ ጉድ ነበር! ጫማ የተበላሸበት ሰው ጠረጴዛ ላይ ያቆመውና ‹ክቡር እንግዳ መጥተዋል፤ ወላጃቸው እኔ ነኝ› ይላል። ሃያ ሰው ሥራውን ጥሎ ይንከተከታል። ሥራ ቤት ነው ሰርግ ቤት?»

«ከሳቁ በኋላስ?»

«ከበው እንግዳው ለምን እንደተበላሸ ይከራከራሉ። አሁን ግን ጸጥ ብሏል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም! የተበላሸ ጫማም አንድ እንኳ አላየሁ።»

ልጅቷ አጎቷን ብታከብርም ንዴቷን መዋጥ አልቻለችም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና አጎቴ፣ አለማየትዎ የለም ማለት አይደለም! ሰው ጥፋቱን ሳይፈራ የሚናገርበትን በር ነው የዘጉት። አሁን የተበላሸበት ሰው ምን ያደርጋል? ካርቶን ውስጥ ከትቶ ዝም ነዋ!»

አለቃው ድፍረቷ አንገበገበው። ትናንት አዝሎ ያሳደጋት ልጅ ሥራውን ልታስተምረው! በደረጃው ሥር፣ ከሰዓት ወደ ሆስፒታል የሚጫን ሁለት መቶ ጥንድ የነርሶች ጫማ ተደርድሯል። በእልህ አንዱን ካርቶን ከፍቶ ሰጣት። ሶሉን ሳብ ብታደርገው እጇ ላይ ቀረ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው።

ደሙ ፈላ። ካርቶኑን ታቅፎ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባ።

«ይህን ማን ሠራው?»

ሃያ ሰው አቀረቀረ። ቀና ያለችው ሳቂታዋ ብቻ ናት፤ የስንብቷን ወሬ ስለሰማች ከእንግዲህ የሚያስፈራት አልነበረም።

«ጋሼ፣ ማስቲሹ ሳይደርቅ ነው ሶሉ የሚለጠፈው። ድሮ ሩብ ሰዓት እናቆየው ነበር። አምስት ደቂቃ ይበቃዋል ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«መቼ አወቃችሁት?»

«አምስት ደቂቃ ባሉን በመጀመሪያው ሳምንት። ሁላችንም።»

ለምን አልነገራችሁኝም ሊል አፉን ከፈተና መልሱን ራሱ አገኘው። በንዴቱ መሀል እፍረት ገባበት። እነዚያን ጫማዎች ተጫምታ በሽተኛ ደግፋ የምትሄድ ነርስ ሶሉ ቢከዳት፣ ተጠያቂው የሳቀችው ነበረች ወይስ ሳቅ የከለከለው?

እውነቱ ይህ ነው፦ አብሮ የሚስቅ ሠራተኛ አይፈራራም፤ የማይፈራራ ጥፋቱን አይደብቅም። ለሳቅ የሚጠፋው ሩብ ሰዓት ሁለት መቶ ጥንድ ጫማ ያድናል። ሠራተኛውን በፍርሃት ጸጥ ያሰኘ አለቃ ግን ሥርዓት ያስከበረ ይመስለዋል እንጂ ጆሮውን የደፈነው ራሱ ነው።

«ጭነቱ ይቁም» አለ አለቃው። ደብዳቤውን ለእህቱ ልጅ አቀበላትና «ይህን ጣይልኝ» አላት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ሳቂታዋ ዞረ።

«ሌላስ እኔ የማላውቀው አለ?»

ሠራተኞቹ ተያዩ።

«ወንበር ይሳቡ ጋሼ» አለች ሳቂታዋ፤ «ቆመው የሚጨርሱት አይደለም።»

ክፍሉ በአራት ወሩ ሳቀ፤ አለቃውም ወንበሩን ሳበ።