የሬዲዮዬ መንጫጫትና የምንተስኖት ሶላር መሰንጠቅ

ቃል ሰጪ፦ አቶ ቀለመ ወርቅ ተስፋሁን (ተጠርጣሪ)
ዕድሜ፦ 71 ዓመት
ሥራ፦ ገበሬ
አድራሻ፦ ታች ጋይንት ወረዳ፣ ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ያለ የገጠር ቀበሌ
ቀን፦ ዓርብ ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን መዓዛ እንዳለ

የግል ተበዳይ ነኝ ያለው ምንተስኖት አስቻለው ጎረቤቴ ነው። ቤቶቻችንን የሚለያቸው የቁልቋል አጥር ብቻ ነው። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁትም፣ ሬዲዮ ፈትቼ መግጠም የቻልኩትም በራሴ ነው። በአጭር ሞገድ የሚሠራ ሬዲዮ አለኝ። የልጅነት ጓደኛዬ አቶ ሞላ ዘለቀ በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ደጄ ካለው መደብ ተቀምጦ ከእኔ ጋር ዜና ያዳምጥ ነበር። ዜናው ካለቀ በኋላም ስንከራከር እንቆያለን። ሌላ ሰውም ይመጣ ነበር፤ ሌላው መጣ ቀረ ግድ የለኝም።

ምንተስኖት ባለፈው ኅዳር ሶላር አስገባ። ሰሌዳውን ከቆርቆሮ ጣሪያው ላይ፣ ባትሪ የሚሞላውን ሳጥን ደግሞ በእኔ ቤት በኩል ባለው ግድግዳ ላይ አሰረው። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ስትወጣ ሬዲዮዬ ምጣድ ላይ እንዳለ ቆሎ ይንጣጣል፤ ፀሐይ ስትገባ ይጠራል። ደመና ሲጋርዳት እንኳ ጩኸቱ ቀነስ ይላል። በዚህም ነገሩ ከሳጥኑ መሆኑን ዐወቅሁ። ሄጄ ብነግረው፣ «አያ ቀለመ ወርቅ፣ ሬዲዮዎን ጉንፋን ይዞት ይሆናል፤ ነጭ ሽንኩርት ያሽትቱት» ብሎ ቀለደብኝ። ይበልጥ የከነከነኝ ግን አቶ ሞላ እዚያው ቁጭ ብሎ አብሮ መሳቁ ነው። ስልኬን ቻርጅ ላደርግ ነው የመጣሁት አለኝ። ለእሱ ስልክ የሚደውልለት ሰው የለም፤ በየቀኑ የሚሞላበት ምክንያት አይታየኝም።

ረቡዕ ጥር 17 ቀን አውድማ ልለቀልቅ እበት በጥብጬ ነበር። ሰባት ሰዓት ሲቃረብ አቶ ሞላ በደጄ አልፎ ምንተስኖት ቤት ገባ። ሲያልፍ ሰላም ብሎኛል፤ አልመለስኩም። እበቱን ይዤ በመሰላል ወጣሁና ሰሌዳውን እንደ አውድማ ለቀለቅሁት። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ ነው ያደረግሁት። ቤቴ ስመለስ ሬዲዮው ጥርት ብሎ ይናገራል። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ «ሞላ! ና ስማ! ሳጥኑ ነው አላልኩም?» ብዬ ተጣራሁ።

ሞላ ወጣ። ወደ እኔ ግን አልመጣም። ምንተስኖት ጣሪያው ላይ ሲወጣ መሰላሉን ደግፎ ያዘለት። ለእኔ ያለኝ፣ «ዝጋው አንተ ሰውዬ፣ ጆሯችንን በላኸው!» ነው።

ሰሌዳው ግሎ ስለነበር እበቱ ወዲያው ደርቆ ተጣብቋል። ውሃ አፍስስበት ብዬ ከታች ብነግረው ምንተስኖት አልሰማኝም። በማጭድ እየቀጠቀጠ ሲፍቀው መስታወቱ ተሰነጠቀ። እኔ ለቅልቄያለሁ፤ አልሰበርኩም።

ይቅርታ ይጠይቃሉ ወይ ተብዬ ተጠይቄያለሁ። ስለ እበቱ ሕግ ይፍረድብኝ፤ ይቅርታ ግን አልልም። ነገሩ በሽማግሌ ይለቅ ከተባለ ቄስም ቢላክ፣ የቀበሌ ሰውም ቢላክ አላነጋግርም። ሞላ ብቻውን ከመጣ ግን በሬን እከፍታለሁ።

ይህንን ቃሌን ሰው ሳያነብልኝ ራሴ አንብቤ፣ የተናገርኩት እውነት ሳይጨመርበትና ሳይጎድል መጻፉን አይቼ፣ በጣት አሻራ ሳይሆን በእጄ ፈርሜያለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ቀለመ ወርቅ ተስፋሁን
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ም/ሳጅን መዓዛ እንዳለ