የማማ ሮዳ ካጌሃ የገና ገበታ

ማማ ሮዳ ካጌሃ ከአባታቸው ከአቶ ኢጋንዛና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሳሎሜ በማራጎሊ ኮረብታ፣ ድንጋዩ ከማሳው በሚበዛበት መንደር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሚስዮን ትምህርት ቤት ገብተው ንባብና ልብስ ስፌት የተማሩ ሲሆን፣ ከዚያም በምባሌ ገበያ የተማሪ ልብስ እየሰፉ የመንደሩን ልጆች «ታድጉበታላችሁ» በማለት ሰፊ ሰፊውን አልብሰው አሳድገዋል።

ከአናጢው ከባባ ዮታም ኪዲጋ ጋር በጋብቻ ተጣምረው አሳቫንና ቪሄንዳን አፈሩ። ባባ ዮታም በየገናው፣ ከናይሮቢም ከኪሱሙም የተሰበሰበው ቤተሰብ በተራ ተራው ለእግዚአብሔር የዓመቱን ምስጋና ሲያቀርብ ካዳመጡ በኋላ፣ የአባወራ ድርሻ የሆነችውን የዶሮዋን ጨጓራ ብቻቸውን ይበሉ ነበር፤ ማማ ሮዳም «ምስጋናው የሁላችን፣ ጨጓራው የአንድ ሰው» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር።

ባባ ዮታም በሳንባ ሕመም ባረፉበት ዓመት ገና ሲደርስ፣ የሟቹ ወንድም «ጨጓራዋ ለበኩር ልጁ ለአሳቫ ትሰጥ» ቢሉም፣ ማማ ሮዳ ቢላዋ አንሥተው ጨጓራዋን ለቤቱ ሰው ሁሉ ከታተፏትና «ያመሰገነ አፍ ሁሉ ይቀምሳል፤ የሴትም ቢሆን» አሉ። ወንድምየው ተቆጥተው ሊወጡ ከደጅ ደርሰው ነበር፤ የሾርባው ሽታ መለሳቸው።

ከዓመታት በኋላ ገና ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቪሄንዳ ሴት ልጅ ወልዳ ወዲያው ዐረፈች። በዚያ ገበታ ሁሉም አፉን መክፈት ስላቃተው፣ ማማ ሮዳ ጨቅላዋን ታቅፈው ተነሡና «ጌታ ሆይ፣ ስለ ሞቷ አላመሰግንህም፤ አልችልም። ስለዚህች ሕፃን ልደት ግን አመሰግንሃለሁ» አሉ። ቤተሰቡም አብሯቸው አለቀሰ፤ ከዚያም በላ።

ያቺ ጨቅላ ደማሪስ ተባለች። ነፍስ ካወቀች ወዲህ፣ እርሷ የመጣችበት ቀን እናቷ የሄደችበት መሆኑን ስለተረዳች፣ በገና ገበታ ተራዋ ሲደርስ ዝም ትል ነበር። አጎቷ አሳቫ «ያላመሰገነ አይቀምስም» ሲላት፣ ማማ ሮዳ የራሳቸውን ቁራጭ በእጇ እያስያዙ «ተዋት፤ የእርሷ ምስጋና መንገድ ላይ ነው» ይሉ ነበር። እንዲህም ሲሉ ራሳቸው ሳይቀምሱ ያሳለፏቸው ገናዎች ብዙ ናቸው።

ባለፈው ገና፣ የስኳር ሕመም አድክሟቸው በትራስ ተደግፈው ሳለ፣ ድርሻቸውን እንደ ልማዳቸው ለደማሪስ አሳልፈው «ጥርስ ቢኖረኝ ኖሮ ዘንድሮ አልሰጥሽም ነበር» ብለው አሳቋት። ያን ጊዜም አላመሰገነችም። ማማ ሮዳ በሕክምና ሲረዱ ከቆዩ በኋላ በፋሲካ ሳምንት በቤታቸው፣ በልጅ ልጃቸው ክንድ ላይ ዐረፉ።

ከኋላቸው ልጃቸውን አሳቫን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ በሰፊ ልብስ ያሳደጉትንም መንደር ትተዋል። ይህን ዜና ሕይወት በፊታችሁ ቆማ የምታነበው ደማሪስ ናት። ጌታ ሆይ፣ ስለ ሞታቸው አታመሰግንህም፤ አትችልም። እናት ስለሆኗት ግን ታመሰግንሃለች፤ ምስጋናዋ ዘግይቶም ቢሆን ደርሷልና ተቀበላት። ነፍሳቸውንም በገበታህ ዙሪያ አሳርፍ፤ በየገናው ለእርሷ አሳልፈው የሰጡትን ድርሻቸውን አንተ ስጣቸው። አሜን።