እጅ የሚያስታጥበው ታብሌት

ምሕረትዬ፣ ነይ እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ። አዲስ መምህር ሽኝት ላይ ጥግ አይይዝም፤ ጥግ የያዘ ሥጋ አይደርሰውም። መንገዱስ እንዴት ነበር? ከገሱባ እዚህ ድረስ አቧራው ጨረሰሽ አይደል? አይዞሽ፣ ዳሞታ ተራራ ዛሬም ደመናውን ተከናንቧል፤ ንግግሩ ሳያልቅ ዝናቡ ካልመጣ ዕድለኞች ነን። ዳጣውን ወደዚህ ሳብ አድርጊልኝ... ቀስ በይ እንጂ፣ ይኼ ቃሪያ እንግዳ አያውቅም።

አንደኛ ክፍልን አብረን ነው የምናስተምረው አሉኝ፤ ደስ ብሎኛል። ስለ እኔ «ጥሩዬ አንደኛ ክፍል ውስጥ ነው ያረጀችው» ይሉሻል፤ እውነት ነው። ጠዋት ደግሞ «ታብሌት አላችሁ አሉ» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ዝናችን ገሱባ ድረስ ደርሷል ማለት ነው? እሰይ... ቆይ፣ የኛን ትቼ የሌላ ትምህርት ቤት ወሬ ላውራሽ። ወደ ሁምቦ መውረጃው ላይ ነው። አንድ ርዕሰ መምህር ነበሩ... ስማቸው ምን ያደርግልሻል? ኧረ ወደዚያ አትመልከቺ! እኚህ የምንሸኛቸው ርዕሰ መምህራችን ሥጋቸውን ይብሉበት፤ ወሬው እሳቸውን አይመለከትም።

ለዚያ ትምህርት ቤት አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ታብሌት አመጣለት። በወላይትኛ ማንበብ የሚያስተምር አፕ ተጭኖበታል፤ ልጁ የበሬውን ሥዕል ሲነካው በሬው ይጮኻል፣ ስሙ ተጽፎ ይወጣል፣ ፊደሉ አንድ በአንድ ይነበባል። መብራት የለም እንዳትዪ፣ በፀሐይ የሚሞላ ነው። መምህራኑ እንደ ሕፃን ዘለሉ። እሳቸው ግን ትልቅ ሰው አይደሉ? አልዘለሉም... ቁም ሳጥን አሠሩ።

ቁም ሳጥን ስልሽ! ከዋንዛ ነው የተሠራው፤ ጓጉንቸሩ የእህል መጋዘን ይጠብቃል። ባለቤታቸው በእጃቸው ዳንቴል ሠርተው አለበሱት። በኛ አገር አዲስ ዕቃ ላስቲኩ አይላጥም አይደል? ሶፋው ከነላስቲኩ፣ የባጃጁ ወንበር ከነላስቲኩ... ታብሌቱም ከነላስቲኩ ገባ። «የልጅ እጅ ቅባት ነው» አሉ። ተሳሳቱ እንዴ? ልጅ ዕቃ ይሰብራል፤ ቁም ሳጥን ምን ሰብሮ ያውቃል? በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ሲባል ሰምተው ነው፤ እንዳይረክስ ብለው ለማንም እጅ አላስያዙትም። ለትምህርት እንዲህ የሚቆረቆር ሰው አሁን ከየት ይገኛል?

ጨርሶ አይወጣም እንዳትዪ ደግሞ፣ ኃጢአት ይሆንብሻል። እንግዳ ሲመጣ ይወጣል። መኪና ከወረዳ ተነሣ ሲባል ደወል ይደወላል፤ ልጆቹ ቧንቧው ጋ ይሰለፋሉ፤ በሳሙና እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ፤ ጥፍር ይታያል። ከዚያ ለእያንዳንዱ አንዳንድ ታብሌት... ባትሪው አልቆ ጥቁር ብሏል፣ ግን ምን ችግር አለው? ጣት ላስቲኩ ላይ ወዲያ ወዲህ፣ ፎቶ፣ ጭብጨባ። እንግዳው መኪናው ሲገባ ታብሌቱ ቁም ሳጥኑ ይገባል። ላም አለኝ በቁም ሳጥን፣ ወተቷንም... እኔ ምን አገባኝ፤ ላሟ ግን ንጹሕ ናት።

አንዲት አፈኛ መምህርት በግምገማ ላይ እጇን አውጥታ «እባካችሁ ይከፈትና ልጆቹ ያንብቡበት» አለች አሉ። ወዲያው የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት ተገኘባት። ይበላት! የለውጥ ሠራዊት እየተገነባ ሳለ ስለ ቁልፍ የምታወራ ምን ዓይነቷ ናት? ከዚያ ወዲህ ተምራለች መሰለኝ፤ አሁን ስትናገር ስለ ሌላ ትምህርት ቤት ብቻ ነው።

አንድ ቀን የድርጅቱ ሰዎች ራሳቸው መጡልሽ። ፈረንጇ ጎንበስ ብላ ትንሳኤ የምትባለውን የአንደኛ ክፍል ልጅ «ይህ ታብሌት ምን አስተማረሽ?» ትላታለች። የሚያስተረጉሙት እሳቸው ናቸው። ልጅቷ ምን ብላ ብትመልስ ጥሩ ነው? «እጅ መታጠብ!» ምን ትበል ታዲያ? ታብሌት በወጣ ቁጥር የምታውቀው ሳሙናውን ነው። እኛ... ማለቴ የዚያ ትምህርት ቤት መምህራን ምድር ተሰንጥቃ በዋጠችን አሉ። እሳቸው ግን እንዴት ያለ ፈጣን ጭንቅላት መሰለሽ ያላቸው! ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «አፑ ከማንበብ አልፎ የንጽሕና ባህል አስፍኗል ነው የምትለው» ብለው ተረጎሙ። ፈረንጇ እንባዋ መጣ። በዓመቱ መጨረሻ ትምህርት ቤቱ ሞዴል ተባለ፤ ምርጥ ተሞክሮ ተብሎ ሰርተፍኬት ተሰጠው። ከየአካባቢው ርዕሳነ መምህራን ተሞክሮ ሊቀስሙ መጡ፤ ቀሰሙም። ሲመለሱ ሁሉም ቁም ሳጥን አሠሩ።

ትንሳኤ? አሁን ሦስተኛ ክፍል ደርሳለች። እጇ እንደ ብርጭቆ ያበራል። ስሟን ግን እስከ ዛሬ አሟልታ አትጽፍም... እሷ ጋ ስደርስ ሳቄ ይቋረጣል፣ ምሕረትዬ። ብልህ ልጅ ናት፤ አንድ ዓመት ያን በሬ እየነካች ብታነብ የት በደረሰች! ያስተማረቻት መምህርት ባየቻት ቁጥር ሆዷ ይባባል። በይ ብዪ፣ ሥጋው ቀዘቀዘ።

እና ሰውዬው ተሾሙ! ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ? እሳቸው አልበሉም፤ እግዜር ምስክሬ ነው፣ አንድ ታብሌት አልጎደለም። አልበሉም፣ አላስበሉም፣ ይኸው ሳይቆጫቸው ከፍ አሉ። ምን ሆነው መሰለሽ? የትምህርት ቴክኖሎጂ ማስፋፊያ ኃላፊ! እልል በይ እንጂ! ከእንግዲህ በየትምህርት ቤቱ ይቆለፋል... ይስፋፋል ማለቴ ነው፤ ዳጣው ምላሴን ያዘው።

ርክክቡ ዛሬ ጠዋት አለቀ አሉ። ኳስ አስረከቡ፣ ጠመኔ አስረከቡ፣ የሻይ ብርጭቆ እንኳ አልቀረም። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ብቻ «ለደኅንነቱ ሲባል እኔ ጋ ይቆይ» ተባለ። ነገ በማለዳ ቁልፉን ይዘው ሶዶ ይገባሉ። ቁልፉ ዛሬ እዚያው ካልቀረ መስከረም ላይ ሁለት የአንደኛ ክፍል መምህራን፣ አንዷ አሮጊት አንዷ አዲስ፣ ያን ሁሉ ልጅ ይዘው ቁም ሳጥን ፊት ይቆማሉ። ምን ያስተምሩ? የዳንቴሉን አበባ ያስቆጥሩ ይሆናል። ቁልፍ እኮ ከባድ ዕቃ አይደለም፤ ከኪስ ጠረጴዛ ላይ ለማውጣት ስንት ክንድ ይፈጃል?

እ... ኪሳቸውን ዳበሱ እንዴ? አየሽ? እጃቸው ገባ... ቆይ፣ ቆይ... መሐረብ ነው። ላብ ነው ምስኪን፤ ዳጣ መቼም ለተሾመም ላልተሾመም እኩል ነው የሚያቃጥለው።

በይ፣ ጸሎት ሊደረግ ነው፤ ሰዉ ጸጥ ብሏል። እኔም ለዚያ ለሁምቦው ሰውዬ የድርሻዬን ልመርቅ። ድምፄ ከፍ አለ? ይበል፤ ምርቃት አይደበቅም። አንቺ አሜን በይ። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። የሄዱበት ይቅናቸው። ቤታቸው ይሙላ፣ የሞላውም አይጉደል። ያቺ ሳቂታ የመጨረሻ ልጃቸው ደግሞ በመስከረም አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው አሉኝ፤ ትደግላቸው፣ ለወግ ለማዕረግ ትብቃላቸው። እግዚአብሔር የገባችበት ትምህርት ቤት ሁሉ ልክ እንደ አባቷ ያለ ጠንቃቃ፣ ዕቃ አክባሪ፣ ቁልፍ የማይጥል ርዕሰ መምህር ይስጣት። አሜን።