ኹጥባውን የሰማሁት እኔ ነኝ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በታክሲ ስንወርድ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት አጠገቧ ያሉትን ሽማግሌ ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ እንቅልፍ አይወስድዎትም? ይሄ መንገድ እኔን ይጥለኛል።»

«ድሮ ቀረ ልጄ! ድሮማ ታክሲው ሳይሞላ ነበር የማንኮራፋው።»

«ምን ተገኘ?»

«ወንዱ ልጄ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ወስዶኝ፣ ሽቦ ለጣጥፈው አስተኙኝ። ለካ ሌሊት ስተኛ ትንፋሼ ቆም እያለ እንቅልፍ አልጠግብም ኖሯል።»

«ኧረ በአላህ! አያስፈራም?»

«ቀላሉ ዓይነት ነው አለችኝ ዶክተሯ። ክብደት ይቀንሱ፣ በጀርባዎ አይተኙ አለች። ባለቤቴ ካናቴራዬ ጀርባ ላይ የልጅ ኳስ ሰፋችበት። ልንጋለል ስል ይቆረቁረኛል፣ በጎኔ እዞራለሁ።»

«ተሻለዎት ታዲያ?»

«ወላሂ! በፊት ጁምዓ መስጊድ ኹጥባው፣ ስብከቱ ሲጀመር አንገቴን ደፍቼ እተኛ ነበር። ሰዉ የተመሰጥኩ መስሎት በጣም ያከብረኝ ነበር። ያለፈው ጁምዓ ግን ኢማሙ እስኪጨርሱ አንድ ቃል አላመለጠኝም።»

«ማሻአላህ! ሰዉስ ምን አለ?»

«‹ምነው ሰውየው ቀልባቸው ተበተነ፣ ዓይናቸው ይንከራተታል› አሉኛ! ይበሉ። ኹጥባውን የሰማሁት እኔ ነኝ።»

ኹጥባ በተጀመረ ቁጥር አንገታቸውን የሚደፉትን አባቴን እያሰብኩ ልደውልላቸው ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ።